ጯ የሚገባበት ሳጥን

ነገሩ የጀመረው በስም ዝርዝር ነው። በአንድ ማሠልጠኛ የተማሪዎች መዝገብ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ ውጤቱን በተርሚናል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት የትእዛዝ መስኮት ላይ በሦስት ዓምድ ሳወጣው፣ በላቲን ፊደል የተጻፉት ስሞች ቀጥ ብለው ሲሰለፉ የአማርኛዎቹ ረድፍ ግን እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይወላገድ ነበር። «ነገደ» የሚለው ስም በየፊደሉ መካከል ባዶ ቦታ ተትቶለት ተንሰራፍቶ ተቀምጧል። «ጫልቱ» በሚለው ስም ደግሞ የ«ጫ» እግር በ«ል» ላይ ተደርቧል፤ የመጨረሻዋ ፊደል ቅጥያም በሳጥኑ ጠርዝ ተቆርጣ «ቱ» «ተ» መስላለች። የተቆረጠው አንድ ትንሽ ሰረዝ ነው፤ ነገር ግን በእኛ ፊደል ያ ሰረዝ አናባቢው ራሱ ስለሆነ፣ ልጅቷ ሳታውቀው ስሟ ተለውጧል።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። ኮድ የምጽፍበት ፎንት (የፊደል ቅርፆች ስብስብ) አንድም የግዕዝ ፊደል የለውም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ አማርኛ ሲያጋጥመው በውስጡ ካለ ሌላ ፎንት ይበደራል። የሚበደረው ፎንት ለመጽሐፍና ለድረ ገጽ የተሠራ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ፊደል እንደ ቁመናው የተለያየ ስፋት ይሰጣል፤ ለ«ነ» ጠባብ፣ ለ«ጨ» ሰፊ። ተርሚናሉ ግን የፊደልን ቁመና አይጠይቅም። ለእርሱ ማያው እንደ ካሬ ደብተር በእኩል ሳጥኖች የተከፈለ ነው፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ሳጥን። ፕሮግራመሮች ሁሉም ፊደላት እኩል ስፋት ያላቸውን፣ ሞኖስፔስ የሚባሉትን ፎንቶች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ኮድ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታችም ይነበባል፤ የመስመሩ ገባ ማለት ትርጉም አለው፣ ከላይኛው መስመር ጋር አለመሰለፉ ስሕተትን ያሳብቃል።

አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ የራሴን ፎንት ልሠራ እንደሆነ ስነግረው ሳቀ። «ለማን ብለህ ነው? ኮድ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የት አለ?» አለኝ። አነጋገሩ እውነትነት አለው፤ እኔም የተለዋዋጮቼን ስም በአማርኛ አልጽፍም። ነገር ግን ያን ቀን እርሱ ራሱ በማያው ላይ ከፍቶት የነበረው ፋይል የአንድ መተግበሪያ የአማርኛ ትርጉም ነበር፤ ከግራ ቁልፍ ቃሉ፣ ከቀኝ የአማርኛው ዐረፍተ ነገር፣ ከ400 መስመር በላይ። የደንበኞች ስም ያለበት ዳታቤዝ፣ የስሕተት መዝገብ፣ አማርኛን የሚፈትሽ የሙከራ ፋይል፣ በኮዱ መካከል ለራሳችን የምንተወው ማስታወሻ፣ ይህ ሁሉ አማርኛ የሚታየው በዚያው ኮድ በሚጻፍበት መስኮት ነው። «አየህ፣ አንተም ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነህ» አልኩት። እርሱም ጠማማውን ዓምድ ለምዶት እንደማያየው ነገረኝ።

ከመጀመሬ በፊት ያሉትን ፎንቶች አየሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ፣ በማክ ላይ ያለው ከፋ፣ አቢሲኒካ ሲል፣ የጉግል ኖቶ፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ የተደከመባቸው ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም ሁሉም ለማንበቢያ የተሠሩ፣ ስፋታቸው እንደ ፊደሉ የሚለዋወጥ ናቸው። በሌላ በኩል ፕሮግራመሮች የሚወዷቸው ጄትብሬንስ ሞኖ፣ ፊራ ኮድ፣ ሶርስ ኮድ ፕሮ እና መሰሎቻቸው የላቲኑን ፊደል አሳምረው ይሥሩ እንጂ ወደ ግዕዝ አልተሻገሩም። ስለዚህ የላቲኑን ክፍል በነፃ ፈቃድ ከተለቀቀ ፎንት ወስጄ ግዕዙን በራሴ ለመሳል ወሰንኩ። ፈቃዱ ማስተካከልንም ማሰራጨትንም ይፈቅዳል፤ ለዋናው ፎንት የተጠበቀውን ስም ይዞ መውጣትን ግን ይከለክላል። የመሳያ መሣሪያዬ ፎንትፎርጅ ነበር፤ መልኩ ያረጀ፣ ነገር ግን ነፃ የሆነና ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ነው። 358 ቅርፅ ለሚሳልለት ሰው ይህ ሁለተኛው ጠባይ ከውበት ይበልጣል። የዓለም ፊደላት ሁሉ በየቁጥራቸው በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ፣ በዋናው የግዕዝ ክፍል ውስጥ የተመዘገቡት ያን ያህል ናቸውና፤ አስኪ በሚባለው የቀድሞው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝገብ ውስጥ የሚታዩት የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ግን በጠቅላላው 94 ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሳጥኑ ስፋት ነበር፤ ብዙ ወራት የበላኝም እርሱ ነው። የታወቁትን የሞኖስፔስ ፎንቶች ብትከፍቷቸው አብዛኞቹ የፊደሉ መጠን በ1000 አሃድ ሲከፈል የሳጥኑን ስፋት 600 አድርገው ታገኟቸዋላችሁ። ይህን ቁጥር በመጀመሪያ ሳየው የዓይን ጥናት ያስገኘው መስሎኝ ነበር። ምንጩ ግን የጽሕፈት መኪና ነው። በእንግሊዝኛው መኪና በአንድ ኢንች ውስጥ 10 ፊደል ይመታል፤ አንድ ኢንች በፊደል መለኪያ 72 ነጥብ ነውና ለአንድ ፊደል 7.2 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ይህም የ12 ነጥብ ፊደል ስድስት ዐሥረኛ ነው። በ1950ዎቹ ሃዋርድ ኬትለር ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና የሳለው ኩሪየር ይህንኑ ልክ ይዞ ወደ ኮምፒውተር ተሻገረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የመስመሩ ርዝመትም እንዲሁ ውርስ ነው፤ ዛሬም በብዙ የኮድ ደንብ ውስጥ የሚጠቀሰው 80 ዓምድ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ የሚበሳ ካርድ የመጣ ነው። የእኛን ፊደል ግቡበት የምንላቸው ሳጥኖች የተለኩት እኛ ባልነበርንበት ነው ለማለት ነው። ቅሬታ አይደለም። ቁጥሩ ከሰማይ እንዳልወረደ ሳውቅ ግን እጄ ተፈታ።

ሁለት ሳጥን ለምን አትሰጠውም የሚል ሐሳብ መጀመሪያ የመጣው ለእኔው ነው። የቻይና፣ የጃፓንና የኮሪያ ፊደላት በተርሚናል ላይ እያንዳንዳቸው ሁለት ሳጥን ይይዛሉ፤ መልካቸውም ያምርበታል። ይህ ግን በፎንት ሠሪው ፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለም። ዩኒኮድ የየፊደሉን ስፋት የሚናገር ሰንጠረዥ አለው፤ ተርሚናሉ የሚያምነው ያንን ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ግዕዝ ሰፊ ተብሎ ስላልተመዘገበ የሚደርሰው አንድ ሳጥን ነው፤ ፎንቱ ሁለት ሳጥን የሚሞላ ፊደል ቢስል ቀሪው ግማሽ በጎረቤቱ ላይ ይደረባል ወይም ይቆረጣል። ስለዚህ የቀረኝ ምርጫ ፊደሉን ማጥበብ ወይም ሳጥኑን ለሁሉም፣ ለላቲኑም ጭምር ማስፋት ነበር።

በ600 ሞከርኩ። እዚህ ላይ የሒሳቡን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም ችግሩ የውበት ሳይሆን የቆጠራ ነው። በ14 ፒክስል መጠን የ600 ሳጥን 8.4 ፒክስል ይሆናል፤ ተርሚናሉ ወደ 8 ያወርደዋል። አሁን «ጠ»ን ውሰዱ። ሦስት እግር አለው፣ በእግሮቹ መካከል ሁለት ክፍት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ አንድ ፒክስል ቢይዝ 5 ይሆናል። ካዕቡ «ጡ» በቀኝ በኩል ቅጥያ ይጨምራል፤ 2 ፒክስል። ከሚቀጥለው ፊደል የሚለየው ክፍተት 1። ድምሩ 8 ነው፤ ለጥቂት ገባ። «ጨ» ግን ከ«ጠ» የሚለየው ግራና ቀኝ ባሉት ቀለበቶቹ ነው። ለአንድ ቀለበት የውስጡ ብርሃንና የውጭ ግድግዳው 2 ፒክስል ይፈልጋሉ፤ ለሁለቱ 4። ከእግሮቹ ጋር 9፣ ከክፍተቱ ጋር 10። ይህ እንግዲህ ገና የመጀመሪያው ቅርፁ፣ ግዕዙ ነው፤ ካዕቡ «ጩ» ከነቅጥያው 12 ይጠይቃል፤ በመጨረሻም «ጯ» ይመጣል። ሁሉንም ሥዬ የጨረስኩ ዕለት «ጯሂ» የሚለውን ቃል በማያው ላይ ስጽፍ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል በወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ትመስል ነበር።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ፤ 720። ግዕዙ ተነፈሰ፤ ላቲኑ ግን ጥርሱ እንደ ረገፈ አፍ ሆነ፤ በየፊደሉ መካከል አየር ገባ፣ ቃሉ ቃል መሆኑ ቀረ። ኮዱ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዘጠና በመቶው ላቲን ነው። ብዙ ወዲያና ወዲህ ካልኩ በኋላ 660 ላይ ቆምኩ። በ14 ፒክስል 9.24 ነው፤ ወደ 9 ይጠጋጋል። 80 ዓምድ ያለው መስመር በ8 ፒክስል ሳጥን 640 ፒክስል የነበረው 720 ይሆናል፤ የዛሬ ማያ ይህን አይሰማውም። ላቲኑንም እንዲሁ አልለጠጥኩትም። ቀድሞውንም ጠባብ በሆነው «አይ» ላይ ከላይና ከታች ያሉትን አግዳሚ መስመሮች አረዘምኩ፤ ሰፊዎቹ ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ መተንፈሻ አገኙ፤ እንግሊዝኛው ትንሹ «ኤም» ልክ እንደ «ጠ» ባለ ሦስት እግር ነውና በ600 ሳጥን ውስጥ ሲጨናነቅ ኖሯል።

በ9 ፒክስል እንኳ «ጨ» በባህላዊ ቁመናው አይገባም። ያደረግኩት ቀለበቶቹን ከእግሮቹ ጎን አንሥቶ ከትከሻው ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ስፋት የነበረው ቁመት ሆነ ማለት ነው። ለዚህም ፊደሉን ከላቲኑ ትልልቅ ፊደላት በትንሹ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ። በግዕዝ ውስጥ እንደ ላቲኑ ትንሽና ትልቅ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለ ሁሉም በአንድ ቁመት ይቆማሉ፤ የቁመቱ ጉዳይ በአንድ ውሳኔ አለቀ። የቤተሰቡ መመሳሰል ግን አስቸጋሪ ነው። በማንበቢያ ፎንት «መ» እና «ሙ» አንድ ዓይነት አካል አላቸው፤ ልዩነታቸው ቅጥያው ብቻ ነው። በእኩል ሳጥን ግን ቅጥያው ቦታ ከአካሉ ይወስዳል፤ «ሙ» ከ«መ» ይከሳል፣ «ሟ» ከሁለቱም ይከሳል። ዓይን እንዳይሸወድ ብዬ የ«መ»ን አካል ራሱ አስቀድሜ አከሳሁት፤ ሰባቱም ወንድማማቾች በመጠኑ ከሲታ ሆኑ። ይህን ሳደርግ ደግሞ ሌላ ጉድለት ወጣ፤ «ተነገረ» የሚለው ቃል በነጭ ቦታ ተሞልቶ ሲሣሣ፣ «ጠመጠመ» የሚለው ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ የመስመሩን ውፍረት ማለዋወጥ ነው፤ የ«ጠ» እግሮች 58 አሃድ ሲሆኑ የ«ነ» እግር 84 ነው። በቅርበት ሲታዩ አንድ እጅ የጻፋቸው አይመስሉም፤ ከክንድ ርቀት ግን ይስማማሉ። ፎንት ሠሪ ሁሉ የሚያደርገው ማጭበርበር ነው፤ እኔ ያጭበረበርኩትን ያህል ግን ሌላ ሰው ያጭበረበረ አይመስለኝም።

በዚህ መካከል ነው አክስቴ ትዝ ያሉኝ። ከጡረታ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበሩ። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ እና ከእርሳቸው በኋላ እንደ ኦሊቬቲ ያሉ ኩባንያዎች የገጠማቸው ችግር ከእኔው ጋር አንድ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ሰረገላው በእያንዳንዱ ምት እኩል ርቀት ይሄዳል፤ የቁልፉ ቁጥር ደግሞ ከሁለት መቶ ለሚበልጥ ፊደል አይበቃም። አክስቴ እንደሚሉት ብዙውን ፊደል በሁለት ምት ነበር የሚሠሩት፤ መጀመሪያ አካሉን፣ ከዚያ ሰረገላው ሳይንቀሳቀስ ቅጥያውን። «እግሩ አንዳንዴ ይሸሻል፤ አለቃ ግን ይህን አያይም፣ የሚያየው ፊርማውን ነው» ይላሉ። ፊደሉን ለማሽን እንዲመች እንቀንሰው፣ እናሻሽለው የሚለው ክርክር በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደጋግሞ የተነሣውም ከዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ነው። የተከራካሪዎቹን ድካም አልንቅም። ሆኖም በእጄ ያለው ማሽን ሳጥኑን በአንድ ቁጥር ለውጥ የሚያሰፋ ሆኖ ሳለ ፊደሉን ባቀጥነው ሰበብ የለኝም።

ለፕሮግራመር ፎንት ሲሠራ ከስፋት ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳይ የሚመሳሰሉ ምልክቶችን መለየት ነው። የላቲኑ ዓለም ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ትንሹ «ኤል»፣ ትልቁ «አይ» እና 1 ቁጥር፣ እንዲሁም ዜሮና «ኦ» እንዳይምታቱ ብዙ ተደክሟል። ዜሮን በሰያፍ መስመር መሰረዝ አንዱ ዘዴ ነው። ግዕዝ ወደዚያው ፎንት ሲገባ ግን ክቡ አራት ይሆናል፤ ዜሮ፣ የላቲኑ «ኦ»፣ ዓይኑ «ዐ» እና ፀሐዩ «ፀ»። በመካከሉ የተሰረዘ ዜሮ በትንሽ መጠን ሲታይ ያው «ፀ» ነው። ስለዚህ ሰረዙን ትቼ በዜሮው መካከል ነጥብ አስቀመጥኩ፤ የ«ፀ»ን አግዳሚ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አደረስኩት፤ «ዐ»ን ደግሞ ከብዕር እንደወጣ በጎኖቹ ወፈር፣ በላይና በታቹ ቀጠን አድርጌ ከላቲኑ ወጥ ክብ ለየሁት።

ከሁሉ የባሰው ግን ሁለት ነጥብ ነው። የአማርኛው የቃል መለያ «፡» እና የላቲኑ «:» በዓይን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንዱ በዩኒኮድ 1361 የተመዘገበ የግዕዝ ምልክት፣ ሌላው የፕሮግራም ቋንቋው ሰዋስው አካል ነው። በብዙ የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ያው ቁልፍ ሲመታ «፡» ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ሲመታ «።» ይሆናል። አንድ ማታ ማስታወሻ በአማርኛ ጽፌ ኪቦርዱን ሳልመልስ በፓይተን የአንድ ተግባር (ፈንክሽን) ራስጌ መጨረሻ ላይ «፡» አስቀመጥኩ። ፓይተን የማይታወቅ ምልክት አለ ይላል፤ እኔ ሁለት ነጥብ አያለሁ። መስመሩን ሰርዤ እንደገና ስጽፈው፣ ኪቦርዱ አሁንም አማርኛ ነውና፣ ያው ስሕተት ይመለሳል። ለአንድ ሰዓት ያህል ተሟገትን። በፎንቴ ውስጥ አሁን የላቲኑ ነጥቦች ትንንሽና ክብ ናቸው፤ ዝቅ ብለውም ይቀመጣሉ። የግዕዙ ደግሞ በመቃ ብዕር እንደተተከሉ ባለ አራት ማዕዘን፣ ገዘፍ ያሉ፣ በፊደሉ ሙሉ ቁመት ላይ የተራራቁ ናቸው። ሁለቱን ምልክት አዋሕዶ እንደ ቀስት ያለ አንድ ቅርፅ የሚያደርገውን የፊራ ኮድ ዓይነት ጌጥም ያስቀረሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ያለውን ምልክት ዓይኔ ሳይተረጎምለት እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሌሎች በዚህ አይስማሙም፤ ይጠቀሙበት።

ፎንቱ አልቆ የተጫነበት ዕለት መጀመሪያ የከፈትኩት ያንኑ የስም ዝርዝር ነው። «ጫልቱ» ጫልቱ ሆናለች፤ ማንም የማንንም እግር አልረገጠም። ዓምዱ ግን አሁንም ጠማማ ነበር። በመጀመሪያ ፎንቱን ጠረጠርኩ፤ የሁሉንም ፊደል ስፋት በትእዛዝ አስቆጠርኩ፣ ሁሉም 660። ጥፋቱ የራሴ ፕሮግራም ነበር። ሲ ለአንድ ጽሑፍ የ12 ስፋት ስጥ ሲባል የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ነው፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ባለ ሦስት ፊደሉ «ጫልቱ» ለእርሱ 9 ነው፤ 9 ክፍት ቦታ መጨመር ሲገባው 3 ብቻ ጨምሮ ያልፋል፤ ስሙ እስከ አራት ፊደል ድረስ በረዘመ ቁጥር ዓምዱ ይበልጥ ወደ ግራ ይሳባል። ስምንት ወር ሙሉ በፎንት ላይ ያሳበብኩት ጠማማነት ግማሹ በአሥር መስመር ኮድ የሚቃና ነበር። ለወዳጄ ይህን እስካሁን አልነገርኩትም።

ባለፈው ሰንበት ዝርዝሩን በወረቀት አትሜ ለአክስቴ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ጣታቸውን በየዓምዱ ጠርዝ ላይ እያስኬዱ መሰለፉን ፈተሹ። «ይሄ በኮምፒውተር ነው? የእኛን መኪና ይመስላል» አሉ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልገባኝም። ከዚያ ጣታቸው አንድ ስም ላይ ቆመ። «ልጄ፣ የዚህች ‹ሟ› እግር አጥራለች፤ በእኔ ጊዜ ቢሆን ደግመህ ምታ ነበር የምልህ» አሉኝ። ማታ ቤት ገብቼ ፋይሉን ከፈትኩና 22 አሃድ ጨመርኩላት፤ ከሳጥኑ ጠርዝ የቀራት 14 አሃድ ነው።